በብርዱ ወራት ሊዮን ከእናቴ ጋር፦ ሳንጣደፍ ምን እንይ?

ማር_እሸት፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ባለቤቴ ለሥልጠና ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ሊቆይ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር። ማረፊያ ቤት ስለተሰጠው እኔም እናቴን ይዤ አብሬው ልሄድ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ፍራንክፈርት እኛ ጋር ናት።

ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ ደረጃ አትችልም። የነቢያትን ጾም ደግሞ ሳታጓድል ትጾማለች። ስለዚህ የምንቆይበት ጊዜ አብዛኛው ጾም ነው።

ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ሁሉ «ሊዮንን በ2 ቀን» የሚል ነው። እኛ ግን ጊዜ አለን። ጠዋት ቡናችንን ጠጥተን፣ አንድ ሰፈር ሄደን፣ ቁጭ ብለን አይተን፣ ሳይመሽ ቤት መግባት ነው የምንፈልገው። የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ። የት ሄደን፣ የት እንቀመጥ? ምን እንብላ?

የክሯ_ሩሱ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ ሊዮን ነው። ከተማዋን ለማየት የመረጣችሁት ጊዜ ጥሩ ነው። በኦገስት ነዋሪው ለዕረፍት ይወጣል፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል። በዲሴምበር ግን ሁሉም ቤቱ አለ።

መጀመሪያ አቀማመጧን ያዙ። ሁለት ወንዝ አለ፤ ሶን እና ሮን። ሁለት ኮረብታ አለ፤ ፉርቪየር እና ክሯ-ሩስ። የአገሩ ሰው ፉርቪየርን «የሚጸልየው ኮረብታ»፣ ክሯ-ሩስን «የሚሠራው ኮረብታ» ይላቸዋል። በአንዱ ላይ ባዚሊካው፣ ማለት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሌላው ላይ የሐር ሸማኔዎች ይኖሩበት ነበር። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ለጥ ያለ መሬት መሀል ከተማው ነው። ቤልኩር አደባባይ፣ ቴሮ አደባባይ፣ ሱቁ ሁሉ እዚያ ነው። ለእናትሽ ጉልበት መሀል ከተማው ምንም ችግር የለበትም።

ስለ ኮረብታዎቹም አትስጊ። ወደ ፉርቪየር ከአሮጌው ከተማ በገመድ የሚሳብ ባቡር አለ። ነዋሪው «ፊሴል» ይለዋል። በር ላይ ያደርሳችኋል። ወደ ክሯ-ሩስ ደግሞ ሜትሮ ሲ የሚባለው መስመር ኮረብታውን ራሱ ይወጣዋል። በእግር የሚወጣው ወጣት ነው። እናትሽ ቁጭ ብለው ይውጡ።

ብርሃኑ አጭር ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። 11 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ስለዚህ 4 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ሳይጨልም ግቡ። አንድ ቀን አንድ ሰፈር ይበቃል። ይህን የምለው ስለ ጉልበታቸው ብቻ አይደለም። ሊዮን አንድ ቦታ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተሠራች ከተማ ናት።

ደግሞ አንድ ነገር። ሱቅም ካፌም ስትገቡ መጀመሪያ «ቦንዡር»። ሰላም ሳይሉ ዕቃ መጠየቅ እዚህ ነውር ነው። እናትሽ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያደርጉታል። ልጆቻችን ናቸው የሚረሱት።

ፓሪስ_18ኛ፦

ጋሼ ቅር አይበልዎትና እኔ አልስማማም። ሊዮን በዚያ ወቅት ጭጋግ ነው። ሁለቱ ወንዞች የሚያመጡት ጭጋግ ለቀናት አይነሳም። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ደግሞ እርጥበት ጥሩ አይደለም። ኒስ ውሰጃቸው። ባሕሩ ዳር ለጥ ያለ መንገድ አለ፤ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። ጥር ላይ እንኳ ቀን ቀን ፀሐይ ይሞቃል። የአበባ ገበያውም ዊንተር ከበጋ አይልም። ባለቤትሽ ሊዮን ይሥራ፣ እናንተ በባቡር ሂዱ።

የክሯ_ሩሱ፦

@ፓሪስ_18ኛ የኒስን ፀሐይ ማንም አይክድም ወንድሜ። ጭጋጉም እውነት ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስም አለ። ግን ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ብዙም አይወርድም፣ በረዶም ጥቂት ቀን ነው። ሴትየዋ ባሏ ጋር ማደር ትፈልጋለች። እናትየውም ከልጃቸው ቤት ወጥተው ሆቴል ምን ያደርጋሉ? ደግሞ ለጭጋጋማ ቀን የሚሆን ቤት ሊዮን ሞልቷል። ልዘርዝርላት።

የጥበብ ሙዚየሙ ቴሮ አደባባይ ላይ ነው። ድሮ የመነኮሳይት ገዳም ነበር። መሀሉ ላይ በአዕማድ የተከበበ የአትክልት ግቢ አለ፤ እዚያ መግባት በነጻ ነው። ሐውልቶቹ መካከል ቁጭ ብሎ መዋል ይቻላል። ውስጡ የግብፅ ክፍል አለው፤ ከቤተ መቅደስ የመጡ የድንጋይ በሮች ቆመውበታል። ማክሰኞ ዝግ ነው። በር ላይ ደግሞ አራት ፈረሶች የሚጎትቱት ትልቅ ፏፏቴ አለ። የሠራው የኒው ዮርኩን የነጻነት ሐውልት የሠራው ባርቶልዲ ነው።

ሌላው ሉግዱኑም ነው፤ የሮማውያን ዘመን ሙዚየም። ፉርቪየር ኮረብታ ጎን ውስጥ ተቆፍሮ ነው የተሠራው፤ 1975 ላይ። ይህን ለእናትሽ አጥብቄ የምመክረው ደረጃ ስለሌለው ነው። ከላይ ገብተሽ በተዳፋት ወለል እየተጠማዘዝሽ ነው የምትወርጂው። በትልልቅ መስኮቶቹ ደጅ ያለውን የሮማ ቲያትር ታያላችሁ። ቲያትሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት 15 ዓመት አካባቢ የተጀመረ ነው። ወርዶ መቀመጫው ላይ መውጣት ግን ለሳቸው ከባድ ነው፤ ከመስኮቱ ይበቃል።

ምስር_በጾም፦

የጾሙን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ተማሪ ሆኜ እዚያ ብዙ ጾም አሳልፌያለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሊዮን ለጿሚ ከባድ ከተማ ናት። ቡሾን የሚባሉት ትንንሽ የአገሩ ምግብ ቤቶች በአሳማ፣ በቅቤና በክሬም የታወቁ ናቸው። ኬኔል የሚባለውም ዓሣ ነው ብለው ቢነግሯችሁ እንቁላልና ቅቤ ውስጡ አለ። የምስር ሰላጣቸው ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የአሳማ ቋሊማ ይጨመርበታል። ሳትጠይቁ አትዘዙ።

የሚሆነው ይኸው፦ ባገት ዳቦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው። ይጾማል። ክሯሳንና ብሪዮሽ ቅቤ ናቸው። መንገድ ላይ በትልቅ መጥበሻ የተጠበሰ ቼስትነት የሚባል የዛፍ ፍሬ ይሸጣሉ፤ ፈረንሳዮቹ «ማሮን» የሚሉት። ትኩሱን በወረቀት ይሰጧችኋል። እጅም ያሞቃል፣ ሆድም ይይዛል።

የቀረውን ቤት ሥሩ። ክሯ-ሩስ ቡልቫር ላይ ከሰኞ በስተቀር በየጠዋቱ ረጅም የአትክልት ገበያ አለ። ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ እንጉዳይ ሁሉ አለ። ሶን ወንዝ ዳር ሳንት-አንትዋን ያለውም ጥሩ ነው። ለምስር፣ ለሽምብራና ለቅመም ጊዮቲየር ሰፈር ሂዱ፤ የአረብ፣ የእስያና የአፍሪካ ሱቆች የተሰበሰቡበት ነው። በርበሬና ሽሮ ግን ከፍራንክፈርት ያዙ።

ማር_እሸት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። @ምስር_በጾም በርበሬውንና ሽሮውን ዛሬውኑ ሻንጣ ውስጥ አስገባለሁ። ጋሼ፣ የሙዚየሙን ተዳፋት ለእናቴ ነገርኳት፣ ደስ አላት።

አንድ ጥያቄ። ዲሴምበር 8 አካባቢ የመብራት በዓል አለ አሉ። ሰው በጣም ይበዛል የሚሉ አሉ። እናቴን ይዤ መውጣት እችላለሁ?

መብራቷ፦

እኔ እመልሳለሁ፤ ይህ በዓል ልቤ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

መነሻውን ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ይወዱታል። 1852 ላይ ነው። ፉርቪየር ላይ የእመቤታችን ሐውልት ሊመረቅ ነበር። ቀኑ ሴፕቴምበር 8 ተቆርጦ ነበር። ሶን ወንዝ ሞልቶ ከተማውን አጥለቀለቀና ሥራው ዘገየ። ወደ ዲሴምበር 8 ተዛወረ። በዕለቱ ደግሞ ማዕበል መጣ። ርችቱና ዝግጅቱ ሊቀር ሆነ። አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጠራ። ያን ጊዜ ማንም ሳያዛቸው ሰዎቹ በየመስኮቱ ሻማ አበሩ። ከተማው በሙሉ በራ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያበራሉ።

ዛሬ ሁለት በዓል ሆኗል። አንደኛው ትልቁ ትርኢት ነው። አራት ማታ ይቆያል። በአደባባዩና በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የብርሃን ሥዕል ያሳያሉ። በአራቱ ማታ ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይወጣል ይባላል። ቴሮ አደባባይና ሳን-ዣን ካቴድራል ፊት መግቢያ መውጫው በፖሊስ ይመራል። እዚያ መሀል እናትሽን አታስገቢ። ቆመው መግፋት ነው።

ሁለተኛው የነዋሪው በዓል ነው፤ የዲሴምበር 8 ማታ። በእኛ ኅዳር 29። ሰዉ መስኮቱ ላይ በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ትንንሽ ሻማ ይደረድራል። ይህንን ለማየት መሀል ከተማ መሄድ አያስፈልግም። በሰፈራችሁ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ቀና ብሎ ማየት ነው። ሻማውንም ብርጭቆውንም በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣሉ። እናንተም መስኮታችሁ ላይ አብሩ። ለእመቤታችን ጧፍ ማብራት እናትሽ ከነሱ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ፓሪስ_18ኛ፦

ይህን አላውቅም ነበር። ባቡሩ ከፓሪስ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ዘንድሮ እመጣለሁ።

ታሪክ_ፈላጊ፦

እናትሽ መንፈሳዊ ሰው ከሆኑ አንድ ቦታ ልጨምር። ክሯ-ሩስ ኮረብታ ቁልቁለቱ ላይ የሦስቱ ጎል አምፊቲያትር የሚባል የሮማ ፍርስራሽ አለ፤ ጎል ማለት ሮማውያን የዛሬዋን ፈረንሳይ አካባቢ የሚጠሩበት ስም ነው። ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ለእኛ ግን ቅዱስ ቦታ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ177 የሊዮን ክርስቲያኖች የተሠዉት እዚያ ነው። ብላንዲና የምትባል ባሪያ የነበረች ልጅ አለች። ሰውነቷ ደካማ ስለነበር ትክዳለች ብለው እመቤቷ ራሷ ፈርታላት ነበር። አሠቃይዎቿ ደከማቸው እንጂ እሷ አልካደችም። ጳጳሱ ጶቲኖስ ከ90 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ እስር ቤት ውስጥ አረፉ። በእሳቸው ወንበር የተተኩት አባታችን ቅዱስ ሄሬኔዎስ ናቸው። ሄሬኔዎስ የዮሐንስ ወንጌላዊ ደቀ መዝሙር የሆነውን ፖሊካርፐስን በልጅነታቸው ያዩ ሰው ናቸው። ስማቸውን በቤተ ክርስቲያን ስንሰማ ስንት ዘመን፣ የሊዮን ጳጳስ እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህ የሆነው የእኛ አገር ክርስትናን ከመቀበሏ በፊት ነው።

አምፊቲያትሩ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ከላይ ይታያል። ከሜትሮ ክሯ-ፓኬ ጣቢያ ቅርብ ነው። መሀሉ ላይ ሰማዕታቱን የሚያስታውስ ምሰሶ ቆሟል።

ሐረር_በር፦

ከሐረር የመጣ ሰው ዝም ሊል አይችልም። በ1880 ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር የገባው ለማን ሊሠራ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ባርዴ የሚባል ነጋዴ የመን ባለችው የኤደን ወደብ የከፈተው የንግድ ቤት ነበር፤ ድርጅቱ የሊዮን ነው። ቡናና ቆዳ ከሐረር ይገዙ ነበር። የእኛ ቡና በግመል ወርዶ፣ ኤደን ደርሶ፣ ለሊዮን ነጋዴ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ሊዮን ካፌ ስትቀመጡ ይህን አስቡልኝ።

ማር_እሸት፦

ሰላም፣ አሁን ከሊዮን ነው የምጽፈው። ብዙ ጠይቄያችሁ ስለነበር ያየነውን ልንገራችሁ።

ጠዋት ጠዋት እናቴ ቡና ታፈላለች። እስከዚያ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ነው። 4 ሰዓት አካባቢ ሲገለጥ እንወጣለን። ማሮን ገዝተን ሶን ወንዝ ዳር እንሄዳለን። ወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች ብርቱካንማ፣ ሮዝ፣ ቢጫ ናቸው። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ቀለማቸው ይብሳል። እናቴ «ቤቶቹ ለብርዱ ብለው የለበሱት ነው» አለችኝ።

ፉርቪየር በፊሴል ወጣን። ባዚሊካውን የሠሩት በስእለት ነው። በ1870 ጦርነት ጠላት ሊዮን ካልደረሰ ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብለው ነበር። አልደረሰም፤ ሥራው 1872 ተጀመረ። እናቴ ስእለት ማለት ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ታሪኩን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። እኔ ደጅ ወጥቼ ከተማውን አየሁ። ሰማይ በጠራ ቀን ሞን ብላን ተራራ ይታያል አሉኝ። አንዲት ሴትዮ «ከታየ ነገ ዝናብ ነው» አለችኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው የሸማኔዎቹን ቤት ነው። ክሯ-ሩስ ላይ ሜዞን ዴ ካኑ ይባላል። ካኑ ማለት የሊዮን የሐር ሸማኔ ነው። የእናቴ አባት ጉለሌ ሸማኔ ነበሩ። እሷ ድርና ማግ እያየች ነው ያደገች። እዚያ ቤት ስንገባ ሰውየው በትልቅ የእንጨት የሽመና ዕቃ እየሠራ ያሳይ ነበር። ጣሪያ የሚነካ ነው። ቤቶቹ ራሳቸው ጣሪያቸው 4 ሜትር የሆነው ለዚህ ዕቃ ተብሎ ነው።

ዕቃው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ካርቶኖች በተርታ ተሰፍተው ተንጠልጥለዋል። ዣካር የሚባል የሊዮን ሰው በ1804 የሠራው ነው። ቀዳዳው የትኛው ድር እንደሚነሳ የትኛው እንደሚቀር ይወስናል። ጥለቱ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። እናቴ ፈረንሳይኛ አታውቅም፣ ሰውየው አማርኛ አያውቅም። ግን መወርወሪያውን በእጇ አሳየችው። እግር የሚገባበትን ጉድጓድ በእጇ መሬት ላይ ሠራች። ገባው። ወደ ዕቃው አቀረባትና የሐሩን ድር አስነካት። «አባቴ ጥለቱን በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው፤ ይኸ ካርቶን ይይዝለታል» አለችኝ። ተረጎምኩለት። ሰውየው ቆሞ እጇን ጨበጣት።

ከዚያ ወጥተን እዚያው አካባቢ ትልቁን የተሳለ ግድግዳ አየን። 1,200 ካሬ ሜትር ነው። የሰፈሩ ሕይወት ተስሎበታል፤ በየጊዜው ሲያድሱት የተሳሉት ሰዎችም አብረው እንዲያረጁ ያደርጋሉ። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ እናቴ ምንም አልከበዳት።

የክሯ_ሩሱ፦

ደስ አሰኘሽኝ ልጄ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ስለ ሸማኔዎቹ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ሰፈር የተሠራበት ነገር ስለሆነ። ካኑዎቹ ለነጋዴ በቁራጭ ዋጋ ነበር የሚሠሩት። በ1831 ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰንልን አሉ። ተወሰነ፣ ነጋዴዎቹ አንቀበልም አሉ። ኖቬምበር ላይ ከዚህ ኮረብታ ወርደው ከተማውን ያዙ። ጥቁር ባንዲራቸው ላይ «እየሠሩ መኖር ወይም እየተዋጉ መሞት» ተጽፎ ነበር። በ1834 እንደገና ተነሡ፤ ብዙ ሰው ሞተ። የአውሮፓ የሠራተኛ ታሪክ ሲጻፍ የማይዘለል ነገር ነው።

ትራቡሎቹንም አሳዪያቸው። በሕንፃ ውስጥ ገብቶ በሌላ መንገድ የሚወጣ መተላለፊያ ነው። ሐሩ ዝናብ ሳይነካው ይወርድበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አርበኞቹ ከጀርመኖች ያመለጡበት ነው። ክሯ-ሩስ ያሉት ደረጃ ይበዛቸዋል፤ አሮጌው ከተማ ያሉት ይሻላሉ። ረጅሙ ትራቡል በሳን-ዣን መንገድ 54 ቁጥር ይገባና በሩ ዱ ቡፍ መንገድ 27 ቁጥር ይወጣል። ሰው የሚኖርበት ግቢ ነውና ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ እለፉ።

ምስር_በጾም፦

የገና ጾም ሲፈታ ጊዜው ይገጥምላችኋል። እነሱ ጃንዋሪ 6 አካባቢ የነገሥታት ኬክ ይበላሉ። ወሩን ሙሉ በየዳቦ ቤቱ ይሸጣል። የቅቤና የለውዝ ነው። ውስጡ ትንሽ የሸክላ ምስል ይደብቃሉ። ሲቆረጥ የቤቱ ትንሽ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ «ይህ ለእገሌ» ይላል። ምስሉ የወጣለት ንጉሥ ይሆናል፣ የወረቀት ዘውድ ይደፋል። ጃንዋሪ 7 ዶሮ ወጣችሁን በልታችሁ ማታ ይህን ብሉ።

ማር_እሸት፦

ልጅ የለንም፣ ባለቤቴ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። እናቴ ዘውዱ እንዲደርሳት ከአሁኑ ጸልያለች።

ፓሪስ_18ኛ፦

የመብራቱን ማታ መጥቼ ነበር። መሀል ከተማ አልገባሁም፤ ሰፈር ለሰፈር ነው የዞርኩት። @መብራቷ እግዜር ይስጥልኝ።

አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ ክሩን አሁን ነው ያነበብኩት። እኔ የምመጣው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። የሱቆቹ የዊንተር ቅናሽ ሽያጭ ያልቃል? ቴት ዶር ፓርክስ በዚያ ጊዜ ይታያል?

የክሯ_ሩሱ፦

ቅናሹ የሚጀምረው ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ አካባቢ ነው፤ አራት ሳምንት ይቆያል። የፌብሩዋሪን መጀመሪያ ትደርስበታለህ፤ የሚቀረው ቁጥሩ ያልሆነ ጫማ ነው።

ፓርኩ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ መግቢያም የለውም። 117 ሄክታር ነው፣ ከ1857 ጀምሮ የሕዝብ ነው። ጽጌረዳው በዚያ ጊዜ ተኝቷል። ቀጭኔዎቹና አጋዘኖቹ ግን አሉ፤ ሐይቁም ይዞራል። ሞቃታማ ዕፅዋት ያሉባቸው የመስታወት ቤቶች ክፍት መሆናቸውን ጠይቀህ ሂድ። ፌብሩዋሪ ላይ ዳቦ ቤቶቹ ቡኝ ይጠብሳሉ፤ ስኳር የተነሰነሰበት ጥብስ ሊጥ ነው። ቀጭን ጥርስ የሚሰብርና ወፍራም ለስላሳ አለ። ወፍራሙን በትኩሱ ውሰድ።